በቀትር የመጣ ክትባት

ጋምቤላ፣ ማለዳ

ከቤት ያስወጣኝ ወዳጄ ቾል ነው። እኔ ጋምቤላ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እሱ ኢታንግ አቅራቢያ ከብት ያረባል። በጎረቤቱ መንደር ጎሮርሳ የሚባል በሽታ ገብቶ የከብት ጉሮሮ እያሳበጠ ይገድላል። ክትባት ሊመጣ ነው መባሉን ሲሰማ ደወለልኝ።

«አማርኛ እኔ ጋ ትንሽ ነው። አንተ ናና አናግርልኝ።»

ላሞቹ የልጁ የዱዎል ጥሎሽ ናቸው። ከብት ካልተነዳ ሙሽራ አትመጣም። ሱቄን ዘግቼ በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩ፤ ከዚያ በሚኒባስ ኢታንግ ገባሁ።

ኢታንግ

የቾል ሚስት ኛዳክ ኮፕ የሚሉትን የበቆሎ ምግብ በወተት አቀረበችልኝ። ግን በዚያ የታሰረ ከብት ጩኸት ማን ይበላል! እዚህ ከብት ጠዋት ከታለበ በኋላ ከችካሉ ተፈትቶ ባሮ ዳር ይሰማራል፤ የሚመለሰው ሲመሽ ነው። ይህን የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም። ያን ቀን ግን «በጠዋት እንመጣለን» ስለተባለ ሁሉም እንደታሰረ ቀረ።

ጠበቅን። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ላሞቹ በጥም ምላሳቸውን አወጡ። ቾል አላስቻለውም፤ ፈታቸው።

የከታቢዎቹ መኪና የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የቡድኑ መሪ ሳይወርድ በመስኮት ብቅ አለ።

«ከብቱ የታለ?»

«ሣር ሄደ» አለ ቾል።

«አምጡዋ ታዲያ!»

ቾል ከንዴቱ ብዛት ሳቀ። «ላም ጠዋት አለ፣ ማታ አለ። አንተ ቀን መጣህ።»

እኔም ገባሁበት። «ወንድሜ፣ እስኪመሽ ቆዩ፤ ካልሆነም ነገ በንጋት ኑ» ብዬ ለመንኩት።

«እዚህ ለማደር አበል አልተፈቀደልንም። ክትባቱን የያዝንበት በረዶም እየቀለጠ ነው» አለኝ።

ቤት የቀሩትን ጥቂት ጥጆች መርፌ ወጉና ተሳፈሩ። መሪው ለአለቃው በስልክ ሲናገር በጆሮዬ ሰማሁ፦ «ኅብረተሰቡ ለማስከተብ ፈቃደኛ አልሆነም።»

ደሜ ፈላ። «ውሸታም!» ብዬ ጮህኩ። አቧራ አልብሰውን ሄዱ።

ጋምቤላ፣ ማግስት

ተመልሼ ቤት እንኳ ሳልገባ መሥሪያ ቤታቸው ሄድኩ። አንድ ኃላፊ በትህትና አስቀመጠኝና «ሕዝቡ ገና ግንዛቤ ይጎድለዋል» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ታስሮ፣ ረፋዱን ሙሉ ተርቦ የጠበቀውን ከብት ነገርኩት። «እናያለን» አለ። አላዩም።

ከሰነበትን በኋላ ቾል ደወለ። ብዙዎቹ ላሞች ሞተዋል። የተረፉትን ወደ ሙሽራዋ ቤት ሊነዳ ሲነሣ ደግሞ በሽታው እንዳይዛመት ከብት ከመንደሩ አይወጣም ተብሏል። የልጅቷ አባት የሌላ ሰው ከብት ተቀብሏል። ዱዎል እህል አይቀምስም አለኝ።

ክልከላው ልክ ሊሆን ይችላል፤ በሽታ ዝም ብሎ አይለቀቅም። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ክልከላውን ይዘው መቼ መጡ?»

«በንጋት» አለ ቾል። «ከብት ገና ሳይፈታ። ሁሉንም ቆመው አዩት።»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት መንግሥት በማለዳ መነሣት እንደሚችል ነው።