የዴዊ መንደር ሰዎች

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ብቻዬን ስለምኖር እራቴን ኪችን ውስጥ ቆሜ ነው የምበላው። ከቤቴ በር ፊት ለፊት የምትኖረው ኢንዶኔዥያዊቷ ዴዊ ምጥ ሲይዛት ባሏ ሥራ ላይ ስለነበር ሆስፒታል አደረስኳት። በሰላም ተገላገለችና ባለፈው ሳምንት እራት ጠራችኝ።

ሩዙ ይተናል፣ ዶሮው ያውዳል። «ብላ» አለችኝ። መቼም ጨዋ ያሳደገው ሰው በመጀመሪያው ጥሪ እጁን አይሰድም። «ኧረ ጠግቤያለሁ!» አልኩ፣ አንጀቴ እየጮኸ። ዴዊ እንደኛ ሰው «በሞቴ» ብላ አትለምን ነገር! እጇን አጣጥፋ ታየኛለች። ባሏም እንደዚያው። ማንም አይበላም።

ጨነቀኝና ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ስልክ አየሁ። ስክሪኑ ላይ ሩዝ ማሳ ዳር ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ሕፃናቱ፣ የሙዝ ቅጠል ላይ ምግብ ቀርቦላቸው ተደርድረዋል።

«ደስ የሚል ፎቶ ነው» አልኩ።

ወዲያው በፎቶው መሃል አንዲት ዶሮ አለፈች።

«ፎቶ አይደለም፤ መንደሬ ነው» አለች ዴዊ። «እዚያ አሁን ጠዋት ነው። አዲሱን ሩዝ አጭደው ላንተ ምስጋና ደግሰዋል። እንግዳው ሳይቀምስ ደግሞ እኛ ጋ ማንም አይቀምስም።»

ሆዴ ባባ። ዕፍኝ ሙሉ ጎረስኩ።

መንደሩ በሙሉ አብሮኝ ጎረሰ።