ሻንጣዬን ያስቀመጥኩበት ሰፈር

ደብረ ታቦር ዘመድ ያለው ሰው ሰፈር አይመርጥም። ዘመዱ ያለበት ሰፈር ሰፈሩ ነው፤ አለቀ። እኔ ግን መረጥኩ። እስከ ዛሬ «ያቺ አጎቷን ያዋረደች» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ።

ከእብናት የመጣሁት መኪና መንዳት ልማር ነው። ያረፍኩት አጎቴ ቤት፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ዘንድ ነበር። ግቢያቸው ሰፊ ነው፣ የብረት በራቸው ረጅም ነው፣ ውሻቸው ከእኔ የበለጠ ይከበራል። ሁለት ሌሊት አደርኩ። ከትምህርት ስመለስ በሩ ከኋላዬ ይቆለፋል። ሱቅ ደርሼ ልምጣ ስል የአጎቴ ሚስት «ምን ጎደለሽ? ይመጣልሻል» ይሉኛል። የጎደለኝ መንገዱ ነበር። መንገድ ደግሞ ተገዝቶ አይመጣም።

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ተደብቄ አይደለም፤ ለአጎቴ ሚስት ተናግሬ ነው።

«ወዴት ልትሄጂ?» አሉ።

«ገና አላወቅኩም።»

አማተቡ።

ሰፈር የምመርጥበት የራሴ ዘዴ አለኝ። ሻንጣዬን አስቀምጬ ደጅ ላይ ካለ ድንጋይ እቀመጣለሁ። ከዚያ የመጀመሪያው ሰው ምን ብሎ እንደሚያናግረኝ እጠብቃለሁ። በቃ። የቤቱን ቀለም ወይም የመንገዱን ንጽሕና የሚያይ ይይ።

ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ሰፈር ለዓይን ያምራል፤ ባሕር ዛፍ አለ፣ ጸጥታ አለ። ገና ከመቀመጤ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያጣፉ መጡ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

ነገርኳቸው።

«እንዴ! የእሱ እናት የማን ልጅ ነበሩ?»

ቅድመ አያቴ ጋ ስንደርስ ሻንጣዬን አነሳሁ።

ፔንሲዮኖቹ ያሉበት አስፋልት ዳር ደግሞ የማን ልጅ መሆኔ ማንንም አላሳሰበውም። እዚያ የሚጠየቀው «ብቻሽን ነሽ?» ነው። ሁለት ሰው ጠየቀኝ፤ አንዱ ባጃጁን አቁሞ። «ከሻንጣዬ ጋር ነኝ» ብዬ አለፍኩ።

ከገበያው ጀርባ ወዳለው ጠባብ መንገድ ገባሁ። ሙስሊም ነጋዴዎችና ልብስ ሰፊዎች የሚኖሩበት ነው። የስፌት መኪኖቹ በረንዳ ላይ ወጥተዋል፤ ሴቶቹ እየሰፉ ከመንገዱ ማዶ ካለችው ጋር በጩኸት ያወራሉ። ተቀመጥኩ። አጠገቤ የምትሰፋ፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል ሴት ከመርፌዋ ቀና ሳትል፣

«አንቺ፣ ሻንጣሽን ከመንገዱ ሳቢው። ባጃጅ ይሄድበታል» አለችኝ።

ሳብኩት። ቀጣዩን ጥያቄ ጠበቅኩ። አልመጣም። እኔው ጠየቅኩ።

«የሚከራይ ክፍል ታውቂያለሽ፣ እህት?»

«እኔ ጋ አለ። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ያደነቁራል።»

«ጸጥታ አልወድም።»

«እንግዲያ ግቢ።»

ገባሁ። ጾም ስለነበር የክርስቲያን ሥጋ፣ የሙስሊም ሥጋ የሚል የማዕድ ጣጣ እንኳ አልነበረብንም። እሷም ሽሮ፣ እኔም ሽሮ። ከትምህርት ስመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጬ መንገደኛ አያለሁ፣ ክር እቆርጥላታለሁ፣ ከማዶዋ ሴትዮ ጋር እሰዳደባለሁ። ልብሴን ግን ከሻንጣ አላወጣሁም። አጎቴ እንደሚመጡ አውቅ ነበር።

ሐሙስ ዕለት፣ ሰው ነግሯቸው መጡ።

«ሻንጣሽን አምጪ» አሉኝ፤ ሰላምታም የለ።

«ለምን ጋሼ?»

«ዘመድ አልቆብሽ ነው የሰው ቤት የምትከራዪ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ያለዎትን ይንገሩኝና መልሱን እኔ እሰጠዋለሁ።»

«አፍሽን ዝጊ!»

ክንዴን ሊይዙ እጃቸውን ሲዘረጉ ልብስ ሰፊዋ ፔዳሉን አቆመች።

«ጋሼ፣ የኮትዎ ኪስ ተንጠልጥሏል። ያውልቁት፣ አሁኑኑ እሰፋዋለሁ።»

አጎቴ ዝቅ ብለው አዩት። ኪሱ ተንጠልጥሎ ገበያ መሐል የሚያልፉ ሰው አይደሉም። አወለቁ። ከማዶ በርጩማ ተሻገረላቸው። የደብረ ታቦርን ብርድ በሸሚዝ ሲቀበሉት አጎቴ ግማሽ ሆኑ።

«ምነው፣ የሰው አባወራ በጠራራ ፀሐይ ታስወልቂያለሽ!» አለች የማዶዋ።

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። አጎቴም ሳይወዱ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወደ ሰፊዋ ዞረው፣ እንደ ልማዳቸው፣

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

«የዚሁ ሰፈር ነኝ ጋሼ። እጅዎን ከክሩ ያንሱልኝ።»

አነሱ። ኮታቸው ተሰፍቶ እስኪያልቅ ተቀምጠው መንገዱን ሲያዩ ቆዩ፤ ሴቶቹን፣ ጨርቁን፣ እኔ ክር ስቆርጥ።

ኮቱን ለብሰው ኪሱን ጎተት አደረጉት። ጠብቋል።

«ጾሙ ሲፈታ ምሳ እኛ ጋ ነሽ።»

«እመጣለሁ ጋሼ። ሻንጣዬ ግን አይመጣም።»

እጃቸውን የተሰፋው ኪስ ውስጥ ከትተው ወደ ገበያው ወረዱ። እኔም ገብቼ ልብሴን ከሻንጣው አወጣሁና አንድ በአንድ ግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቀልኩ። ባዶውን ሻንጣ በእግሬ አልጋው ሥር ገፋሁት።