ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነው

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ተነሥቻለሁ። ድምፄ ትንሽ ነው፤ ለዚህ ቤት ግን ይበቃል፣ ጎረቤት አይሰማውም። ስሙ ይባረክ በሉልኝ፤ ቀስ ብላችሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ፒያሳ ልብስ ስፌት ቤት የምሠራው፣ ሁልጊዜ በሩ ሥር የምቀመጠው ልጅ ነኝ። ለምን በሩ ሥር እንደምቀመጥ የምታውቁት ግን ጥቂቶች ናችሁ።

ያደግሁት ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ ከእናቴ ጋር ነው። አባቴን አላውቀውም። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የእናቴ የአክስት ልጅ፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ሊማር ከገጠር መጥቶ እኛ ቤት ተቀመጠ። እናቴ ገበያ ስትሄድ ልጁን ጠብቅልኝ ትለዋለች፤ እሱም እሺ ይላል። እሷ ከግቢው ስትወጣ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም። ማንም ትልቅ ሰው በልጅ ሰውነት ላይ ሊያደርገው የማይገባ ነገር ነው። "ብትናገር እናትህ ታብዳለች" አለኝ። እናቴን ስለምወዳት ዝም አልኩ።

ትምህርቱን ጨርሶ ሄደ። እሱ ሄደ፤ የቁልፉ ድምፅ ግን እኔ ጋ ቀረ። አልጋ ማርጠብ ጀመርኩ። እናቴ ዓይን ነው ብላ ጠበል አመላለሰችኝ፤ የምታውቀውን ነው ያደረገችው። ካደግሁም በኋላ ፀጉር አስተካካይ ከኋላዬ ቆሞ አንገቴን ሲነካኝ እግሬ ይቀዘቅዛል። ስፌት ቤት ስቀጠር የስፌት መኪናዬን ወደ በሩ እንዳዞራት ለመንኩ። ሲኒማ ቤት ከጓደኞቼ ጋር እገባና በሩ ሲዘጋ እወጣለሁ። አጠገቤ የሚሰፋው ታደሰ፣ "አንተ እኮ የምትከፍለው በሩን ለማየት ነው" እያለ ያስቅብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ራሴን እጸየፋለሁ። ያ ሰው ያደረገውን እኔ የሠራሁት ይመስለኝ ነበር።

ይኸው ታደሰ ነው ወደዚህ ያመጣኝ። እሁድ ከሰዓት ና፣ ሻይ አለ፣ ፊልም የለም አለኝ። መጣሁ። የጫማ ክምር እንዳያሳብቅብን ጫማዬን ደጅ እንዳልተው ተነገረኝና ይዤው ገባሁ። ጸሎታችን የተከለከለ ነውና፣ የቀበሌ ሰው ድንገት ቢመጣ ማኅበር የተቀመጥን እንድንመስል ብርጭቆዎቹ ተደርድረዋል። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነበር። ሰው እንዲህ ቀስ ብሎ ሲዘምር ሰምቼ አላውቅም፤ ልቤ እዚሁ ቀረ። ከዚያ በሩን የሚጠብቁት ጋሽ ወርቁ ተነሥተው በሩን ቆለፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

ጌታ ሆይ! ላብ አጠመቀኝ። ክፈቱልኝ አልኩ፣ ጫማዬን ትቼ በባዶ እግሬ ወጣሁ። በሚቀጥለው እሁድም እንዲሁ ሆነ።

ጋሽ ወርቁ እዚህ አሉ፤ ፈቅደውልኝ ነው የምናገረው። ያን ሰሞን ወንድሞች ታስረው ነበር። ጸሎት ሊጀመር ሲል የሚወጣ ሰው ወዴት ነው የሚሄደው ብለው ታደሰን ጠየቁት። ሌላ ምን ሊያስቡ ይችላሉ? ታደሰ ሰኞ ዕለት መቀሱን እያየ፣ "ባትመጣ ይሻላል። ጆሮ ጠቢ ነው ብለው ፈርተዋል" አለኝ።

ወገኖቼ፣ በሕይወቴ መቅረት የፈለግሁበት አንድ ቤት ይህ ነበር። ዝም ካልኩ ላጣው ነው። ልናገር ብል ደግሞ አፌ ያንን ነገር አንድም ቀን አውጥቶት አያውቅም።

በሥራ ቀን የዚህን ቤት ባለቤት እትዬ አስካለን ፍለጋ መጣሁ። በራቸውን ከፍተው ምስር እየለቀሙ ነበር። የበሩ ደፍ ላይ ቆምኩ።

"እትዬ፣ እኔ ጆሮ ጠቢ አይደለሁም። በር ሲቆለፍብኝ ነው" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ማን ነው የቆለፈብህ፣ ልጄ?"

እስከዚያ ቀን ምን ሆነሃል ያለኝ እንጂ ማን ምን አደረገህ ያለኝ ሰው አልነበረም። እዚያው ደፉ ላይ ተቀምጬ ነገርኳቸው። አልጮኹም። እጃቸው ብቻ ምስሩ ውስጥ ቆመ።

"የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጥፋት የለበትም" አሉኝ። "የሱ ነው፤ ያንተ አይደለም።" ቀጥለው፣ "እጅህን ልያዘው?" አሉኝ። ጠይቀውኝ ነው የያዙኝ፤ ተባረክ ጌታዬ!

ከዚያ ደቀ መዛሙርቱ ፈርተው በሩን ዘግተው ሳሉ ጌታ እንዴት በመካከላቸው እንደቆመ ነገሩኝ። በተዘጋ ቤት ገብቶ ማንንም አልጎዳም፤ የራሱን ቁስል ነው ያሳያቸው። ይህን ስሰማ ለእንዲህ ያለ ጌታ በሬን እከፍታለሁ አልኩ። ምስር በተዘረጋበት ሰፌድ አጠገብ ጸለይን፤ የሱ ሆንኩ።

እሁድ እትዬ ከጋሽ ወርቁ እጅ ቁልፉን ተቀብለው መዳፌ ላይ አኖሩት። "ከዛሬ ጀምሮ በሩ የሱ ነው" አሉ፤ ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። ጋሽ ወርቁ በርጩማቸውን ሳብ አድርገው በሩ ሥር ቦታ ለቀቁልኝ። በገዛ እጄ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ጨብጬ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። ሃሌ ሉያ!

ግን ሁሉ ነገር በዚያ ቀን አላለቀም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ቅዠቱ ይመላለስብኝ ነበር። አንዳንዶች ጹም፣ እምነትህ ጎድሎ ነው አሉኝ። እትዬ ግን ጥርሱን የሚያመው ሰው እየጸለየ ሐኪም ቤት ይሄዳል ብለው ወደ አእምሮ ሐኪም ወሰዱኝ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበሩ። የልጅ ሰውነት የፈራውን አይረሳም፣ አሁን ትልቅ ሰው ስለሆንክ ቀስ ብለህ አስተምረው አሉኝ። ታሪኩን ደጋግሜ ነገርኳቸው። ቤቴን መጀመሪያ ገርበብ አድርጌ፣ ቆይቼ ዘግቼ፣ በኋላም ቆልፌ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አኑሬ መቀመጥ ለመድኩ። አንዳንድ ቀን ወደ ኋላ እመለስ ነበር። ሐኪሙ አልተቆጡኝም፤ ጌታም አልተቆጣኝም።

ባለፈው ፋሲካ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ አላበደችም። አለቀሰች፣ ልያዝህ ብላ ጠየቀችኝ፣ ይዛኝ ዋለች።

አሁን እዩኝ። ስናገር የቆየሁት ለበሩ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው። የቆለፉት ጋሽ ወርቁ ናቸው፣ ቁልፉም እጄ ላይ የለም። በሩ አጠገብ ምስማር መትተንለታል፣ እዚያ ተንጠልጥሏል።

በልጅነቱ በር የተቆለፈበት ሰው ከመካከላችን ካለ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ እኅቴ፣ ያንቺም አይደለም። ይህን ጌታ እመኑት፤ በግድ አይይዝም። ካስጨነቃችሁ ቁልፉን አንሡ፣ ክፈቱ፣ ደጅ ወጥታችሁ ተንፍሱ። ማንም ወዴት ነው አይላችሁም። ጫማችሁን እንጠብቃለን፤ ስትመለሱ እኔ አጠገብ ቦታ አለ።