ከበዓል በኋላ ና

ከሰቆጣ ቆላ፣ ከዝቋላ የወጣሁት ታኅሣሥ ሃያ ማለዳ ላይ ነው። ሳምንት ቀደም ብዬ ልነሣ አስቤ ነበር፤ ሚስቴ ትብለጥ ግን «ገብርኤልን ሳታከብር መንገድ አትጀምርም» ብላ ያዘችኝ። እኔም ዲያቆን ነኝና ምን ብዬ እከራከራታለሁ? ያን ዕለት የማሽላ ቂጣ በጨርቅ ቋጥራልኝ፣ ልጃችንን አዝላ እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ ሸኘችኝ።

«ስማኝ» አለች። «ሁለት ዓመት ዝናብ ከዳን፣ ፍየሎቹም አለቁ። አባቴ በጥር መጨረሻ ቤተሰቡን ይዞ ራያ አክስቴ ዘንድ ሊወርድ ነው። ከዚያ በፊት ወንድሜ ለገበያ ሰቆጣ ይመጣል። ሥራ ካገኘህ በሱ ላክብኝ፣ እመጣለሁ። ካላገኘህ ግን ልጅቱን ይዤ ከአባቴ ጋር መሄዴ ነው።»

«አርባ ቀን አለን እኮ! ለአንድ ሥራ አርባ ቀን ምን አነሰው?» አልኳት። ዛሬ ሳስበው በራሴ አፍራለሁ።

ሦስት ቀን በእግሬ ተጉዤ ሰቆጣ ገባሁ። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ሰቆጣ ቅርብ ነው አትበሉ፤ ሌላ አገር ነው። እኛ ዘንድ በታኅሣሥ ደጅ ይተኛል፤ እዚህ ጋቢ ደርቤም ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ጠዋት ገብስ፣ ማታ ገብስ። የማሽላ እንጀራ በሕልሜ እስኪመጣ ናፈቀኝ። አድባራቱም በካህን የተሞሉ ናቸው፣ መጤ ዲያቆን የሚፈልግ የለም። ማደሪያ የሰጠችኝ እሜቴ ብርቄ የምትባል ጠላ ሻጭ ናት፤ በኪራዩ ፈንታ ለሟች ባሏ በየቀኑ ዳዊት እደግማለሁ። ፊደል አትቆጥርም፣ ግን ጌሾዋን ወቅጣ ሳትጨርስ ካቆምኩ «ዛሬ አሳጠርክበት፤ እሱ በሕይወቱም የተጎዳ ሰው ነው» ትለኛለች።

አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ይፈልጋል ሲሉ ሰምቼ፣ ማመልከቻዬን በቁም ጽሕፈት አሳምሬ ጽፌ ሄድኩ። ዘበኛው ተቀበለኝና ገብቶ ወጣ።

«ሹሙ ለገና ላሊበላ ሊሄዱ እየተሰናዱ ነው። ከበዓል በኋላ ና።»

«ገና እኮ ገና ስድስት ቀን ይቀረዋል።»

«መንገዱስ?»

ከገና በኋላ ሄድኩ፤ አልተመለሱም። እንደገና ሄድኩ፤ ተመልሰው ደክሟቸዋል። በሦስተኛው «ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ያለው ጸሐፊ ዘመድ ጥየቃ ደሃና ሄዷል» ተባልኩ። በአራተኛው ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ጥምቀት ደርሷል እኮ፣ ዲያቆን! አንተ ነህ ይህን ለኛ መንገር ያለብህ» አለኝ። ደሜ ፈላ። የዓመቱን በዓልና ጾም በጣቴ ቆጥሬ የማወጣ እኔ ነኝ፤ በዓል እንዲህ ያስጠላኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ቢሆንም በየማለዳው እሄዳለሁ። ፀሐይ የምታርፍበት ግድግዳ ላይ ተደግፌ እሞቃለሁ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፎበት ስለነበር ጀርባዬ እንዳይቀደው እጠነቀቃለሁ።

በጥምቀት ዕለት ሹሙን ውኃው ዳር አገኘኋቸው። አቶ ጌታሁን ይባላሉ፣ ከደሴ ተዛውረው የመጡ ናቸው። ጠበሉ ከፊቴ ሳይደርቅ ሕዝቡን ገፍቼ እጅ ነሣሁ።

«ጌታዬ፣ ማመልከቻ ያስገባሁት የዝቋላው ዲያቆን ነኝ።»

«እዚህም ተከተልከኝ?» ብለው ሣቁ። «በል፣ በሃያ አንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ና፤ ፈተና አለ።»

ሃያ አንድ! አስተርእዮ ማርያም! ለላሊበላ መንገድ ስድስት ቀን የፈጁ ሰው፣ በእመቤታችን ዕለት ቢሮ ሊከፍቱ? ተሳስተዋል አልኩ። ትልቅን ሰው ደግሞ በበዓል፣ በሕዝብ ፊት አያርሙትም። ከወገቤ ዝቅ አልኩ፤ ሃያ ሁለት ማለታቸው ነው ብዬም በልቤ አቃናሁላቸው። እሜቴ ብርቄን ብጠይቃት «በማርያም ቀን እስክርቢቶ የሚይዝ እጁ ይድረቅ» አለች። ስለዚህ በሃያ አንድ ቅዳሴ ቆሜ፣ አስቀድሼ፣ ከደብሩ ጠላ ጠጥቼ ተኛሁ። እንደዚያን ቀን በሰላም የተኛሁበት ጊዜ የለም።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። ዘበኛው ዐይኔን ማየት አልፈለገም።

«ትናንት ሦስት ሰው ተፈተነ። አንዱ ዛሬ ሥራ ጀምሯል።»

ፈቃድ ሳልጠይቅ ገባሁ። «ጌታዬ፣ ትናንት ማርያም ነበረች!»

አቶ ጌታሁን ከመዝገባቸው ቀና አሉ። «አንተን እስከ አራት ሰዓት ጠብቄሃለሁ። ጽሕፈትህን አይቼ ወድጄው ነበር።»

«በማርያም ቀን ይከፈታል ብዬ እንዴት ልገምት?»

«መሥሪያ ቤት የሚዘጋባቸው በዓላት ዝርዝር ደጅ ግድግዳው ላይ አለ። ማርያም የለችበትም። ማንበብ ትችል የለም?»

ወጥቼ አነበብኩት። ወር ሙሉ በጀርባዬ የሞቅሁት ወረቀት ነው። ተናድጄ አለቀስኩ፣ ሰውም አየኝ። የበገንኩት በሳቸው ይሁን በራሴ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

የትብለጥ ወንድም በሳምንቱ ገበያ መጣ። አህያውን ገበያው ዳር ቆሞ ሲጭን አገኘሁት። ልጄ መሄድ መጀመሯን ነገረኝ። ሦስት እርምጃ ሄዳ ወደቀች፣ ተነሥታ ደግሞ ሄደች አለኝ። ልጄ ስትራመድ መጀመሪያ ሳያት የምቀልድባትን ቀልድ ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር።

«ትብለጥን ምን ልበላት?» አለ። «ጓዟ ታስሯል፣ ያንተን ቃል ነው የምትጠብቀው።»

ሌላ መሥሪያ ቤት ሰው ይፈልጋል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እዚያም ማመልከቻ ሰጥቻለሁ፣ እዚያም የተባልኩት ያው ነው። ያን ልነግረው አፌን ስከፍት፣

«ከበዓል በኋላ በላት» የሚል ቃል ወጣኝ።

«የትኛው በዓል?»

እኔ የበዓል ሁሉ ቆጣሪ፣ አንድ ቀን ጠርቼ መስጠት አቃተኝ። እሱም ጭነቱን አጥብቆ አህያውን ነዳ። ከሰቆጣ ራያ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ሰው የጠየቅሁት ያን ዕለት ነው።