እናቴ ያስተላለፈችው የአሸዋ ላይ ጨዋታ

እናቴ አሜሪካ የገባች ሰሞን ከብርዱም ከምግቡም ይልቅ የከበዳት ዝምታው ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ ሱቅ ነበራት፤ ጨው ሊገዛ የመጣ ሰው እንኳ ወሬ ሳያወርድ አይሄድም። ስልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትመንታችን ደግሞ ረጅም ኮሪደር ነው፤ ግራና ቀኙ የተዘጋ በር። እኔ በጠዋት መኪናዬን አስነስቼ ከወንዝ ማዶ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ እሄዳለሁ። እዚያ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ እቀበላለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ። ማታ ድልድዩ ላይ ያለውን ትራፊክ አልፌ ቤት ስደርስ እናቴን ነጠላዋን ደርባ ሶፋው ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ።

"እንዴት ዋልሽ፣ እማዬ?"

"እኔ ምን እውላለሁ፤ ቀኑ ነው የዋለው።"

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስወስዳት ከአገሯ ሰዎች ጋር ስትጫወት ትውላለች። ሰኞ ሲመጣ ግን ያው ሶፋው ነው። ቴሌቪዥን ከፍቼላት ብሄድ ዘግታው አገኘዋለሁ። "የማያናግረኝን ሰው ምን አፍጥጬ አየዋለሁ?" ትላለች።

ከዚህ ያወጣት የልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። አንድ ቀን ብቻዋን ወደ ቤዝመንት ወርዳ፣ ማሽኑ እምቢ ብሏት ስትታገል አንዲት አሮጊት መጡና አስነሱላት። ልብሱ ታጥቦ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ አንዷ ባማርኛ አንዷ በራሳቸው ቋንቋ ሲያወሩ ቆዩ።

"ጥቁር ነው የለበሱት፣ ከላይ እስከ ታች" አለችኝ ማታ። "ባላቸው ሞቶባቸዋል ማለት ነው። እነሱም እንደኛ ማቅ ይለብሳሉ ለካ።"

እውነቷን ነበር። ሴትዮዋ ፖርቱጋላዊት ናቸው። ዓሣ አጥማጆች ከሚኖሩባት አንዲት የባሕር ዳር ከተማ ከባላቸው ጋር መጥተው እዚህ ያረጁ፣ ባላቸው ካረፉ በኋላ ከእኛ በር ሦስተኛው ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ያሉት እዚያው አገራቸው ነው። እኔ "እማዬ" እያልኩ ስጠራት ስለሰሙ ስሟ መሰላቸውና "ኢማይ" ይሏት ጀመር። እናቴ ልታርማቸው አልፈለገችም። "ይጥሩኝ እንጂ፤ በእድሜ የምትበልጣት ልጅ ያላት ሴት ስንቷ ናት? እኔ ግን የምትበልጠኝ ልጅ አገኘሁ" እያለች ትስቃለች።

የሰኔ ጾም እንደገባ አንድ ቀን ክሊኒካችን ውሃ ተቋርጦ በጊዜ ለቀቁን። ቤት ስገባ እናቴ የለችም። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሮጬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ከአሮጊቷ በር ወዲያ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

"በለው! በለው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!"

በሩ አልተቆለፈም ነበር። ሁለቱም ጫማቸውን አውልቀው፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጠዋል። በላፕቶፑ ውስጥ ባዶ እግራቸውን ያሉ ጎረምሶች አሸዋ እያቦነኑ ኳስ ይራገጣሉ፤ ከኋላቸው ባሕር አለ።

አሮጊቷ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው አስረዱኝ። የአውሮፓ ክለቦች የባሕር ዳርቻ እግር ኳስ ሻምፒዮና ነው። ከየአገሩ ክለቦች ይመጣሉ፤ ጨዋታው የሚካሄደው ደግሞ እሳቸው የተወለዱባት ከተማ አሸዋ ላይ ነው። ፀጉሩን በጨርቅ ያሰረው ተከላካይ የልጅ ልጃቸው ነው። በአዘቦቱ ቀን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በክረምት ሽቦ ይዘረጋል፣ በበጋ አሸዋ ላይ ይጫወታል።

እናቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ኳስ አይታ አታውቅም። ሱቋ ውስጥ ሬዲዮ ሲጮህ "ዝጉልኝ" የምትል ሴት ነበረች። አሁን ግን መጠየቅ አላቆመችም።

"እስቲ ጠይቂልኝ፤ አሸዋ ላይ እግር እየሰመጠ እንዴት ይሮጣል?"

ጠየቅኳቸው። "አይሮጥም" አሉ። "ለዚህ ነው ኳሷን በአየር ላይ የሚያቆዩዋት።"

ቀስ በቀስ ሕጉ ሁሉ ገባት። በአንድ ወገን የሚሰለፉት በረኛውን ጨምሮ አምስት ናቸው። ጨዋታው ሦስት ክፍለ ጊዜ አለው። አቻ ብሎ ነገር የለም፤ አሸናፊ እስኪለይ ይቀጥላል። ከሁሉ ደስ ያላት ግን የቅጣት ምቱ ነው። በዚያ ዘመን በነበረው ሕግ የተጠለፈው ሰው ራሱ ነው የሚመታው፤ የሚያግድ ግድግዳ አይሠራበትም። መጀመሪያ ተንበርክኮ አሸዋ ይከምራል፣ ኳሷን ከላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ይመታል።

"ይሄ ነው ዳኝነት" አለች እናቴ። "የተበደለው ራሱ ይካስ።"

ያን ቀን አሮጊቷ የተጠበሰ ትንንሽ ዓሣ በሳህን አቀረቡ። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እምቢ አለች። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁና ጾም መሆኑን ነገርኳቸው።

"ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም" አሉ።

"ለእሳቸው አይደለም" አለች እናቴ፣ ከመተርጎሜ በፊት ገብቷት። "ለእኔ ነው።"

በማግስቱ ሽምብራና ስፒናች ቀቅለው፣ በዘይት ለውሰው ጠበቋት። ከዚያ ወዲያ በሰኔ የሚበላው ይኸው ሆነ።

በሚቀጥለው ዓመት የልጅ ልጃቸው ቡድን ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። ቅዳሜ ስለነበር እኔም አብሬ አየሁ። ጨዋታው እኩል አልቆ ተጨማሪው ጊዜም አለቀና ወደ ፔናሊቲ ሄደ። ልጁ ኳሷን ይዞ ሲመጣ አሮጊቷ መቁጠሪያቸውን ያዙ፤ እናቴ ደግሞ "በስመ አብ" አለች። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ አልፋ መረቡን ዘላ ወደ ባሕሩ ሄደች። ልጁ እዚያው አሸዋው ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ። አሮጊቷ ላፕቶፑን ዘጉት።

በነጋታው እናቴ እንደ ለቅሶ ቤት ምግብ በሳህን ሸፍና ወሰደችላቸው። ያን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቀርታ ነበር፤ ብቻዬን ሄጄ ስመለስ እዚያ አገኘኋት። ልጁ ስልክ አያነሳም፤ አሮጊቷ ደግሞ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

"በስልክ ድምፅ ይላካል አላልሽኝም?" አለችኝ እናቴ። "በይ ያዢልኝ።"

"በምን ቋንቋ ልትናገሪ ነው?"

"በምላሴ ነዋ።"

የአሮጊቷን ስልክ አፏ ላይ ያዝኩላት። ጮክ ብላ፣ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደምትጠራ ሆና ተናገረች። "ልጄ፣ አይዞህ። ኳስ ናት፤ ትስታለች። ሴት አያትህ እህል አልቀመሱም፤ በል ደውልላቸው። አይዞህ።" ልተርጉመው ብላት እምቢ አለችኝ፤ እንዲያው ተላከ።

ልጁ በማግስቱ ደወለ። ከሁሉ በፊት የጠየቀው "አይዞህ" ማለት ምን እንደሆነ ነው። አሮጊቷ ስልኩን ይዘው እኛ በር ድረስ መጡ። እኔ በእንግሊዝኛ ላስረዳው ሞከርኩ፤ "በርታ" ነው፣ "አትፍራ" ነው፣ "እኔ አለሁ" ነው እያልኩ ብዙ ዞርኩ። "ገብቶኛል" አለ በመጨረሻ። "ሁለት ጊዜ ነው ያሉት።"

አሮጊቷ ዓይናቸውን ያማቸው ነበር። በየጊዜው ሐኪም ዘንድ እየሄዱ ዓይናቸው ውስጥ መርፌ ይወጋሉ፤ አውሮፕላን ተሳፍረው አገራቸው ያልሄዱትም ሕክምናው እንዳይቋረጥ ፈርተው ነው። መርፌው ግን የሚያዘገይ እንጂ የሚያድን አልሆነም። ሦስተኛው ሰኔ ሲመጣ የሰው ፊት እንደ ጥላ ነው የሚታያቸው፤ አሸዋ ላይ የምትዘል ኳስ ጭራሽ አትታያቸውም።

ጨዋታዎቹ ደግሞ በኢንተርኔት ሲተላለፉ እየተከታተለ የሚያወራ ሰው የለባቸውም። የሚሰማው ነፋስና ፊሽካ ብቻ ነው። አሮጊቷ ጆሯቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠግተው ቁጭ አሉ። እናቴ ትንሽ አየቻቸውና ወንበሯን ጎትታ አጠገባቸው ሆነች፤ ሁለቱንም እጃቸውን ያዘች።

ይህን እኔ መጀመሪያ ላይ አላየሁም፤ ሥራ ነበርኩ። ያየሁት ለሩብ ፍጻሜው ዕለት ኦፍ ጠይቄ ስቀር ነው። በሁለቱ መካከል ቋንቋ ተፈጥሮ ቆይቷል። ኳሷ በእኛ ወገን ስትሆን እናቴ የአሮጊቷን ቀኝ እጅ ትጫናለች፤ ወደ ሌሎቹ ስትሄድ ግራውን። ወደ ጎል ስትጠጋ የእጃቸውን አንጓ ጭብጥ አድርጋ ትይዛለች። አፏም አያርፍም፣ ባማርኛ ታወራለች። "አሁን በረጅሙ ላካት… ያ ረጅሙ በደረቱ አወረዳት… ኧረ ተው! ወጣች።" አሮጊቷም "ወጣች?" ይላሉ። "ወጣች"ን፣ "ገባች"ን፣ "በለው"ን ለምደዋል።

ዓይኔ ከላፕቶፑ ይልቅ እነሱ ላይ ነበር። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ላፕቶፑ እንኳ አላዞሩም፤ ወደ እናቴ ነው ያዞሩት።

ጨዋታው እኩል ነበር። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የልጅ ልጃቸውን ጠለፉት። ፊሽካው ተነፋ፤ አሮጊቷ ሰሙት።

"ማነው?" አሉ፣ ይህችንም ተምረዋታል።

"ልጅዎ ነው" አለች እናቴ። "ተነስቷል፣ ደህና ነው። እሱ ነው የሚመታው።"

ከዚያ የአሮጊቷን መዳፍ ገልብጣ ዘረጋችው፤ በጣቶቿ ጫፍ ከዳር ወደ መሐል ትሰበስብበት ጀመር። "ይሄውልዎ፣ አሸዋውን እየከመረው ነው። አሁንም ይከምራል። አሁን ኳሷን አስቀመጣት" አለችና በጡጫዋ መዳፋቸውን መሐሉን ነካችው። አሮጊቷ እጃቸውን ሳያነሱ ጠበቁ። እኔም ምን እንደምትል የእናቴን አፍ አየሁ።

"ገባች!" ብላ እጃቸውን በእጇ ወደ ላይ ስትሰቅለው አሮጊቷ ቀድመው እየጮሁ ነበር።

በነጋታው በግማሽ ፍጻሜው በሰፊ ውጤት ተሸነፉ። እናቴ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ እጃቸውን መጫን ሰልችቷት "ግራ ግራውን ብቻ እየጨመቅኩ ቀለም አስለወጥኩት" አለች። ተረጎምኩላቸው። ከልባቸው ሳቁ። "የትናንቱ ይበቃኛል" አሉ።

መስከረም አካባቢ የልጅ ልጃቸው መጣ። ሴት ልጃቸው እዚያ ሆና ስንት ጊዜ "ወደ አገርሽ ተመለሺ" ብትላቸው እምቢ ይሉ ነበር፤ ዓይናቸው እንዲህ ሲሆን ግን ተስማሙ፤ ልጁ ሊወስዳቸው ነው የመጣው። አያቱን ደግፎ በራችንን ሲያንኳኳ የከፈትኩለት እኔ ነኝ። በላፕቶፑ ትልቅ ሰው ይመስል ነበር፤ በአካል ቀጭንና ዓይን አፋር ነው።

"አይዞህ" አለ ለእናቴ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ሰላምታ መስሎታል።

እናቴ ጎትታ አቀፈችው። ከዚያ ትከሻውን ይዛ አራቀችውና "ያን ጊዜ ኳሷን ለምን ሰማይ ሰደድካት?" አለችው። ስተረጉምለት ቀላ። ነፋስ ነበር አለ። "ነፋስ ነው ይላል" አልኳት።

"ነፋስስ አልነበረም፤ ችኮላ ነው" አለች። "ግዴለም፣ በኋላ ክሰሃል። ቁጭ በል፣ ብላ።"

እየበላ ሳለ አሮጊቷ መዳፋቸውን ዘርግተው እዚያ ላይ ስለተከመረው አሸዋ በቋንቋቸው ነገሩት። እንጀራውን እጁ ላይ እንደያዘ መብላቱን አቆመ። ወደ እናቴ ዞረና እንዴት እንደሆነ እንድታሳየው በእጁ ለመናት። እናቴ አፈረች። "ምኑን ላሳየው፤ እንዲያው ከጭንቀቴ ያደረግኩት ነው" አለችኝ። ግን አሳየችው። ቀኙን፣ ግራውን፣ አንጓውን። እሱም መልሶ አያቱ እጅ ላይ ሞከረው። አሮጊቷ "ኢማይ ትሻላለች፤ አንተ ታሳምማለህ" አሉት።

የሄዱ ቀን ኤርፖርት የሸኘኋቸው እኔ ነኝ፤ እናቴ ከኮሪደሩ አልወጣችም። ሁለቱ ሴቶች በራቸው ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ ተሳሳሙ። እናቴ አላለቀሰችም። መኪናው ጋ ደርሰን ቀና ብል ግን በመስኮቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆማ አየኋት።

በሚቀጥለው ሰኔ ላፕቶፑን እቤታችን ከፈትኩላት። የልጁ ቡድን ከመጀመሪያው ዙር አላለፈም። እናቴ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ የሌሎቹን ጨዋታ ሁሉ አየች፤ የሚበድል ተጫዋች ስታይ ትሰድባለች፣ አሸዋ የሚከምር ስታይ ዝም ትላለች። ያኔ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ጠዋት ጠዋት አብረዋት በእግር የሚንሸራሸሩ ሴቶች አግኝታ ነበር፤ ከሁለቱ ጋር ሆና ነው ያየችው። ሕጉን የምታስረዳቸው እሷ ናት።

አሮጊቷ አልፎ አልፎ ይደውላሉ። መጨረሻ የደወሉ ጊዜ ዓይናቸው ጨርሶ መጥፋቱን፣ ጠዋት ጠዋት ግን ልጃቸው ደግፋ ባሕሩ ዳር እንደምታወርዳቸው ነገሩኝ። የልጅ ልጃቸው ጉልበቱን ታሞ መጫወት ትቷል፤ አሁን የሰፈሩን ሴት ልጆች ያሠለጥናል።

ስልኩን ሳልዘጋ ይህን ለእናቴ ነገርኳት።

"ሴቶቹን?" አለች። "እሰይ። ባዶ እግራቸውን ነው?"

ጠየቅኩላት። አዎ፣ ባዶ እግራቸውን ነው አሉ። ከዚያ ስልኩን ሰጠኋትና እሷ ባማርኛ፣ እሳቸው በፖርቱጋልኛ ማውራት ጀመሩ፤ እኔ ወጥ ለማሞቅ ወደ ኩሽና ሄድኩ።