አውድማው ላይ የቆመው ቤተ ክርስቲያን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ ሥራ የፈታሁ ይመስለዋል። ከሰበታ ወደ ተጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን አዲስ ሕንጻ ሊያስመርቅ ሲል፣ ሰበካ ጉባኤው ታሪኩን ለመጽሔት እንድጽፍ እኔኑ ያዘኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚሁ ሳስተምር ስለኖርኩ እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

የድሮውን መዝገብ ምስጥ በልቶታል። ነገሩን የሚያውቁት አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርተዋል፤ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ትዝታቸው ግን ከእኔ በብዙ ይሻላል። ለሦስት ሳምንት በየጠዋቱ ወገቤን እያመመኝ ደጃቸው ላይ ተቀመጥኩ።

የመንደሩ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሊሠራ ሲነሳ፣ ደልዳላ መሬት የተገኘው የሽማግሌው አባት አውድማ ብቻ ነበር። አባትየው ለቀቁት። እህሉ ገና አልተወቃም ነበርና ገብሱን ተዳፋት ላይ ወቁት፤ ያልታሰበ ዝናብ መጥቶ ጠርጎ ወንዝ ከተተው። እናትየው ልጆቻቸውን ይዘው ከዘመድ ዘመድ ሲንከራተቱ ከረሙ። ትንሿ ልጅ በዚያው ዓመት ሞተች። የድሮ ሰዎች ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ «ኦብዲ ደርሼ ልምጣ» ይላሉ፤ ኦብዲ በኦሮምኛ አውድማ ነው። ከከተማ የመጣው አዲስ ነዋሪ ይህን ከየት ያውቀዋል?

«የአባቴም፣ የእናቴም፣ የእህቴም ስም ይጻፍ» አሉኝ ሽማግሌው። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ጻፍኩት። መጽሔቱ ታትሞ ሲመጣ የምንጣፍና የመስኮት ለጋሾች ፎቶ በከለር ወጥቷል፤ ስለ አውድማው አንድ መስመር የለም።

«ገጽ ጠበበን መምህር» አለኝ የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ።

መጣላት ነበረብኝ። ታከተኝና ዝም አልኩ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በማግስቱ መጽሔቱን ይዤ ሄድኩ።

«አካም ጅርቱ አባባ?» ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«ፈያ፣ ፈያ። መጣ? አንብብልኝ እንጂ!»

ጋቢያቸውን አስተካክለው ጆሯቸውን ሰጡኝ። እውነቱን ለመናገር አቅም አጣሁ። የምንጣፍ ለጋሹን ፎቶ እያየሁ የሌለውን አነበብኩላቸው፤ አውድማውን፣ ዝናቡን፣ የሦስቱን ስም። ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው በራ።

«እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት።

«ቅድም እህቴን መጨረሻ ላይ ነበር የጠራሃት» አሉ። «አሁን ከእናቴ አስቀደምካት።»

መጽሔቱን ከእጄ ወስደው ገጹን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«የለንም፣ አይደል?»

«የላችሁም አባባ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በወደድኩ።

«እንግዲያው እህቴን የምናውቃት እኔና አንተ ብቻ ነን» አሉኝ።

እኔም ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው።