መስቀልና ሰሊጥ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ያስተማርሁበት ትምህርት ቤት ቀድሞ ሰው ይኖርበት የነበረ ግቢ ነው። መኝታ ቤቶቹ ክፍል ሆነዋል፤ የእኔ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ የድሮው ማድ ቤት ናት። ኖራ ብንቀባትም ጥላሸቷ እየወጣ የልጆቹን ትከሻ ያጠቁራል። ልጆቹ ጠዋት በዐረብኛ ይማሩና ከሰዓት በኋላ አማርኛ ለመማር ወደ እኛ ይመጣሉ። ወላጆቻቸው እንደ እኔው በጦርነቱና በረሃቡ ዘመን ከጎንደር በኩል የወጡ ናቸው። ሁላችንም አንድ ቀን እንመለሳለን እንል ነበር፤ ልጆቹን የምናስተምረውም ለዚያ ቀን ነው።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ርዕሰ መምህራችን ካርቱም ለስልጠና ደርሰው አዲስ ነገር ይዘው መጡ። ጎንደር ውስጥ ብዙ ዘመን ያስተማሩ ሽማግሌ ስለሆኑ ጋሼ ነው የምንላቸው። ያመጡት ነገር ሦስት ደረጃ ይባላል። መጀመሪያ ክፍሉን በሙሉ በደንብ ማስተማር ነው። በዚያ ያልገባቸውን ለይቶ በትንሽ ቡድን መርዳት ሁለተኛው ነው። ሦስተኛ፣ በቡድንም አልሆን ያለውን ልጅ አንድ መምህር ለብቻው ይዞት ይቀመጣል። እኔ ነገር መተቸት ይቀናኛልና ይኸማ የኔታም ያደርጉት የነበረ ነው፣ ለዚህ ካርቱም ድረስ መሄድ አያሻም አልሁ። ጋሼ አልተቀየሙም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉኝ። ይህን ተረት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሉት እኛ መምህራን እናውቃለን።

በሱዳን ኸሪፍ የሚሉትን ያን የዝናብ ወራት፣ በኒሙ ዛፍ ሥር አንገሬብ በሚሉት የጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠን ስናቅድ ከረምን። ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራን አስነበብን። ከሁሉም ወደ ኋላ የቀረችው ከእኔ ክፍል አንዲት ልጅ ሆና ተገኘች። ቁመቷ ከክፍል ጓደኞቿ ሁሉ ይበልጣል። መጽሐፍ ስሰጣት ጣቷን የምታሳርፈው በቀኝ በኩል ነበር፤ እንደ ዐረብኛው ከዚያ ጀምራ ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ትርጉም ሲጠፋባት ደግሞ ዝም ትላለች።

እናቷ በትልልቅ እርሻዎች ለሠራተኛ ወጥ እየሠራች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ልጅቱን ጎንደር ያለችው አክስቷ ዘንድ ልትልካት አስባ ነበር። የምትፈራው አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ማንበብ የማይችል ልጅ ሲመጣ ዕድሜው ምንም ቢሆን አንደኛ ክፍል እንደሚያስቀምጡት ሰምታለች።

«እትዬ፣ ከሕፃን ጋር እንዳትቀመጥብኝ። አገሬ ገባሁ ብላ በመጀመሪያው ቀን አትፈር» አለችኝ።

ልጅቱን ለሦስተኛው ደረጃ እኔ ልያዛት አልሁ። እስኪጀመር ድረስም ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር እየመጣች ትለማመድ ጀመር። አንድ ከሰዓት አንድ ሙሉ መስመር ከግራ ጀምራ ሳትቆም አነበበች። ቀና ብላ አየችኝና «ኻላስ፣ ኡስታዛ?» አለች፤ በቃ፣ ጨረስን ወይ ማለቷ ነው። ገና ነው አልኋት። ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሌላ ልጅ ፈጥኖ ሲያነብ ተሰምቶኝ አያውቅም እንዲህ ያለ ደስታ።

የቀረው መቼ እንጀምር የሚለው ነበር። ጋሼ ከመስቀል ማግሥት አሉ። ማንም አልተከራከረም፤ ሙስሊሙ የሂሳብ መምህራችን ሳይቀር በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ጎንደር ትምህርት በወጉ የሚጀመረው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ሁላችንም በዚያ ነው ያደግን። የሱዳን ትምህርት ቤቶች በኸሪፍ ሲያስተምሩ እንኳ እኛ ክረምት ነው ብለን በራችንን እንዘጋ ነበር።

መስቀል ከመዋሉ በፊት እናትየዋ ልጆቿን አስከትላ ግቢ ድረስ መጣች። ወደ ባሱንዳ፣ ከዚያም ወደ ቁረይሻ እርሻዎች መሄዳቸው ነው፤ ሰሊጡ ደርሷል። ልጅቱን እኔ ዘንድ ተያት፣ እኔ አበላታለሁ ብዬ ለመንኋት።

«ትንሹን ማን ይይዝልኛል? ውሃውንስ? ለብቻዬ አልችለውም፣ እህቴ። ከሰሊጥ ስንመለስ ያንቺው ናት» አለችኝ።

ልጅቱ እንባዋ እየመጣ ደጅ የቆመው የጭነት ሎሪ ላይ ወጣች። በዚያች ሰዓት እንኳ የሄደብኝ አንዲት ልጅ ብቻ መስሎኝ ነበር።

የመስቀል ማግሥት ግቢው ተጠርጎ፣ ምንጣፉ ተነጥፎ ጠበቅን። ከሰዓት በኋላ የመጡት የነጋዴና የባለሱቅ ልጆች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ማንበብ ያውቃሉ። እርዳታውን ያሰናዳንላቸው ልጆች በሙሉ ሰሊጥ ቆራጭ ወላጆቻቸውን ተከትለው ሄደዋል። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ትንሽ ቢዘገዩበት ፍሬው ሜዳ ላይ ይራገፋል። ይህን ገዳሪፍ ውስጥ የማያውቅ የለም። ረክሻ የሚሏት ባጃጅ ነጂውም ሻይ ሻጯም ከሰሊጥ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። እኛ የተማርነው ብቻ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ በዚህ አገር የማይበቅል ዐደይ አበባ እስኪፈነዳ እንጠብቅ ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ለቡድኑ የተነጠፈውን ባዶ ምንጣፍ አዩት።

«ሰውነታችን እዚህ ነው። ቀን የምንቆጥረው ግን አሁንም እዚያው ሆነን ነው» አሉ።

በማግሥቱ ዕቅዱን እንደገና ሠራነው። ቡድኑም ለብቻ መያዙም ከሰሊጥ መልስ እንዲጀመርና እስከሚቀጥለው ዘር ድረስ እንዲዘልቅ ተስማማን። ሎሪዎቹ ልጆቹን ማምጣት ሲጀምሩ ግቢው ሞላ። ዕቅዱ ሠራ፤ እውነቱን ለመናገር ከጠበቅሁት በላይ ሠራ። ተስፋ የቆረጥንባቸው ልጆች ማንበብ ያዙ።

የእኔዋ አልመጣችም። መምህራኑ ለእሷ የያዝሁትን ሰዓት ለሌላ ልጅ እንስጥ ሲሉኝ ጥቂት እንቆይ እያልሁ ባዶውን አቆየሁት። ጋሼ አልወደዱትም፣ ግን አልተጫኑኝም። ሎሪ ግቢው በር ላይ ሲቆም በሰማሁ ቁጥር የማስተምረውን አቋርጬ እወጣ ነበር። ናፍቃኝ ነበር፣ በጣም።

ከወራት በኋላ እናቷን ገበያ መካከል አገኘኋት፤ ድንች ትመርጣለች። ሰላምታው እስኪያልቅ አላስቻለኝም፣ ልጅቱስ አልኋት። ቁረይሻ ሳሉ ድንበር የሚሻገር ዘመድ እንደተገኘ፣ መንገዱም ሰላም እንደነበረ፣ እንዲህ ያለ አጋጣሚ አይደገምም ብላ እንደላከቻት ነገረችኝ። አክስቷ ትምህርት ቤት አስገብታታለች።

«ስንተኛ ክፍል?» አልኋት።

ዓይኗን ወደ ድንቹ መለሰች። «ከሕፃናቱ ጋር። መጀመሪያ አልሄድም ብላ አልቅሳ ነበር አሉ። አሁን ትሄዳለች።»

ከጎኗ የሚቀመጥ ሰው አላት ወይ ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ ምን ታውቃለች ብዬ ተውሁት። እስከዚያ ቀን አገሬ ስትናፍቀኝ በዓይኔ የሚመጣው የእናቴ ቤት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን፣ ገብቼበት የማላውቅ አንድ የጎንደር ክፍል ይመጣብኛል። ትንንሽ ልጆች ተደርድረዋል፣ አንዲት ረጅም ልጅ በመካከላቸው አንገቷን ደፍታለች፣ እኔም ገብቼ አጠገቧ ልቀመጥ እፈልጋለሁ።